የአሜሪካ የምርጫ መብት ሕግ (1965)

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1965 የፈረሙት፣ በዘር ሳቢያ ዜጎችን ከምርጫ ማግለልን የሚከለክል የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ነው። ክልከላው በ15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከ1870 ጀምሮ ቢደነገግም በደቡብ ግዛቶች ወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር።

በሚሲሲፒ ለመመዝገብ የሄደ ሰው ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ገልብጦ ትርጉሙን እንዲጽፍ ይታዘዝ ነበር። አንቀጹን የሚመርጠውም መልሱን የሚያርመውም መዝጋቢው ራሱ ነው። የተማረ ጥቁር ይወድቃል፤ ብዙም ያልተማረ ነጭ ያልፋል።

ማርች 7 ቀን 1965 በአላባማ ግዛት የምርጫ መብት ጠይቀው ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተነሡ ሰላማዊ ሰልፈኞች ኤድመንድ ፔተስ ድልድይ አጠገብ በፖሊስ ዱላ ተደበደቡ። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ የነበረው የ25 ዓመቱ ጆን ሉዊስ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ግፉ በቴሌቪዥን መታየቱ ኮንግረሱን አጣደፈው።

ሕጉ በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች እንዲህ ያለውን የንባብና የጽሑፍ ፈተና አገደ፤ የምርጫ ደንባቸውን ለመለወጥም አስቀድመው የፌዴራል ፈቃድ እንዲያገኙ አስገደደ። በሚሲሲፒ 7 በመቶ ያልሞላው የጥቁር መራጮች ምዝገባ በ1967 ወደ 60 በመቶ ተጠጋ።

በ2013 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአላባማው ሼልቢ ካውንቲ ባነሣው ክርክር፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ፈቃድ ጠያቂ ግዛቶችን የሚለየውን መስፈርት ሻረ። ይህ የሕጉን ዋና ጉልበት የሰበረ ውሳኔ ነው፤ ቴክሳስ ታግዶ የነበረውን የመራጮች መታወቂያ ሕጓን እንደምታስፈጽም ያስታወቀችው በዚያው ዕለት ነበር።

በዚህ ውሳኔ ያልተነካው፣ በ1982 የተጨመረው የሕጉ አንቀጽ 208 ማየት ወይም ማንበብ የማይችል መራጭ፣ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል በቀር፣ የፈለገውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ኢትዮጵያዊት እናት ልጃቸውን አስከትለው ድምፅ መስጠት የሚችሉት በዚሁ አንቀጽ ነው።