ስለ ሆሳዕና ከተማና ስለ ሐዲያና ከምባታ አገር አስተዳደር አጭር ታሪክ



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ፣ እኛ የታሪክ ትምህርት ተማሪዎች ስለ ምን እንጻፍ ብለን በተመካከርን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ሮማ መንግሥት፣ ሌሎቹም ስለ ዐድዋ ጦርነት እንድንጽፍ አሳብ አቅርበው ነበር። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን የሩቁን ከመመርመር አስቀድሞ የደጃፍን ማወቅ ይገባልና፣ ተቀምጠን ስለምንማርባት ስለ ሆሳዕናና በዙሪያዋ ስላለው አገር አስተዳደር ለመጻፍ ተስማማን።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። በአንድ ቤት አያት፣ አባትና ልጅ አብረው ተቀምጠው ሳለ «አገራችሁ በየትኛው ግዛት ይገኛል?» ተብለው ቢጠየቁ፣ አያት «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ» ይላሉ፤ አባት «ደቡብ ክልል፣ ሐዲያ ዞን» ይላሉ፤ ልጅም «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል» ብሎ ይመልሳል። ሦስቱም የተናገሩት እውነት ነው። ቤቱ ግን ከቆመበት ስፍራ አልተነቃነቀም፤ በጓሮው ያለውም እንሰት ያው እንሰት ነው። እንግዲህ የግዛቱ ስም በተለዋወጠ ቁጥር ለቤቱ ባለቤት የተለወጠለት ነገር ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት አስቀድመን መልክዐ ምድሩን፣ ቀጥሎም ታሪኩን እንመልከት።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ደጋማ ከተማ ናት። አገሩ የሁለት ታላላቅ ወንዞች መካከል ነው። በምዕራብ በኩል ያሉት እንደ ጊቤ፣ ጎምቦራና ሶሮ የመሳሰሉት ወረዳዎች ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ሸለቆ እያዘቀዘቁ ይወርዳሉ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ሻሾጎና ባደዋቾ ግን ወደ ብላቴ ወንዝ ያዘነብላሉ። የኦሞ ውኃ በቱርካና ሐይቅ፣ የብላቴም ውኃ በአባያ ሐይቅ ይቀራል፤ ስለዚህ በእኛ ደጋ ላይ የወረደ ዝናም በየትኛውም በኩል ቢፈስ ከውቅያኖስ አይደርስም። በደቡብ በኩል ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአምበሪቾ ተራራ ከምባታን ከላይ ሆኖ ይመለከታል። በዚህ ጠባብ መሬት ላይ የሚኖረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የሐዲያ ዞን ሕዝብ ከ1,200,000 በላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከምባታ ጠምባሮ ይባል በነበረው ዞንም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ ለማኖር የቻለው በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ቤተ ሰብ የሚመግበው እንሰት ነው።

ይህ አገር አስተዳደር የጀመረው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በተከፈተበት ቀን አይደለም። የሐዲያ ስም በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ማለት በ14ኛው መቶ ዓመት በነገሥታት ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። የሐዲያ ገዥዎች ገራድ፣ የከምባታው ንጉሥ ደግሞ ዎማ ይባሉ ነበር። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበረችውና በኋላም በልብነ ድንግል ልጅነት ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ ትመራ የነበረችው እቴጌ እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበረች። በመንደርም ደረጃ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት፣ የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ ያጠፋ የሚቀጡበት ሥርዐት ነበረ፤ ዛሬም አለ። ይህም ሥርዐት በሐዲያም በከምባታም «ሴራ» ይባላል። ቃሉን በአማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ በአገራችን ግን ሴራ ማለት ተንኰል ሳይሆን ሕግና ማኅበር ማለት ነው።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. አገሩ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ አዲስ ሥርዐት መጣ። መልከኛ፣ ባላባትና ጭቃ ሹም የሚባሉት ሹማምንት በገበሬው ላይ ተሾሙ፤ ገበሬውም ገባር ሆኖ ግብር እንዲከፍልና እንዲያገለግል ተደረገ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ የከምባታ ገዥ የነበሩት፣ በዐድዋ ጦርነት በመድፈኛ አዛዥነታቸው የታወቁት አባተ ቧያለው፣ በኋላም ራስ የተባሉት፣ ቀድሞ ዋቸሞ ይባል በነበረው ስፍራ ላይ ከተማ ቈረቈሩ። ስሙንም በበዓሉ ሆሳዕና አሉት። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ሁለት ስም አላት። ሆሳዕና የሚለው በመንግሥት መዝገብና በካርታ ላይ ሲጻፍ፣ ዋቸሞ የሚለው ደግሞ በሕዝቡ አፍ ኖሮ፣ በዘመናችን የዩኒቨርሲቲ ስም ሆኖ ተመልሷል።

ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ኢትዮጵያ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች። የእኛም አገር ሆሳዕናን ዋና ከተማው አድርጎ ከሸዋ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ሆነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቊጥር 74 ወጣ፤ በዚህም መሠረት በአገሪቱ ከተሞች የመንገድ፣ የንጽሕናና የገበያ ሥራ ለማዘጋጃ ቤት ተሰጠ።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። በዚያን ጊዜ ከጊቤ አፋፍ ላይ ያለ አንድ ገበሬ መሬቱን ቢቀሙት፣ አቤቱታውን ይዞ በመጀመሪያ ወደ ምክትል ወረዳው፣ ቀጥሎም ወደ ወረዳው፣ ከዚያም ወደ ሆሳዕና ይወጣ ነበር። በሆሳዕና ፍርድ ካላገኘ ግን የሸዋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ አዲስ አበባ ስለ ነበረች እስከዚያ ድረስ መሄድ ግድ ይሆንበታል። መንገዱም በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አልነበረም። የመንግሥት ሥራና የፍርድ ቤት ቋንቋ አማርኛ ስለ ነበረ፣ ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ ብቻ የሚናገር ሰው ማመልከቻ ጸሐፊና አስተርጓሚ መፈለግ ነበረበት። እንግዲህ ስንቁን፣ የጸሐፊውን ዋጋና የተውትን እርሻ ስናስበው፣ ፍርድ ምን ያህል ሩቅ እንደ ነበረ ይገባናል።

መንግሥትም ይህን ችግር ፈጽሞ አላጣውም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው ትእዛዝ ቊጥር 43 አውራጃዎች በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት ኖሯቸው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ታስቦ፣ ለሙከራ 17 አውራጃዎች ተመርጠው ነበር። ነገር ግን ፓርላማው ስላልተቀበለው አሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በሥራ ሊፈተን ሲል ታጠፈ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆኑ። በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማም ቀበሌ ተቋቋመ፤ የፍርድ ሸንጎም እስከ ቀበሌ ወረደ። በዚህ ጊዜ አስተዳደር ወደ ገበሬው ደጃፍ ቀረበ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የቀረበው ጆሮው ብቻ ሳይሆን ክንዱም ነበረ፤ ቀበሌ እህልና ስኳር የሚያከፋፍለውን ያህል የሚያሥርና ለጦርነት የሚመለምል ሆነ። ስለዚህ ቅርብ መሆን ብቻውን መልካም አስተዳደር አይባልም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አውራጃ የሚባለው ደረጃ ቀርቶ ክልልና ዞን መጡ። ሐዲያ ሆሳዕናን መቀመጫው አድርጎ፣ ከምባታም ከአላባና ከጠምባሮ ጋራ ዱራሜን መቀመጫው አድርጎ በየዞናቸው ተደራጁ። አላባ በኋላ ለብቻው ወጣ። የክልሉ መቀመጫ ሐዋሳ ስለ ሆነች፣ ቀድሞ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረው አቤቱታ ወደ ሐዋሳ ዞረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ሆሳዕና የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ሆነች፤ ሌሎቹ የክልሉ መሥሪያ ቤቶችም ዱራሜን ጨምሮ በልዩ ልዩ ከተሞች ተከፋፈሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ከተማዋ አደገች። በ1986 ዓ.ም. ሕዝቧ 32,000 ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ግን ወደ 70,000 ተጠጋ። ቀድሞ የሊሞ ወረዳ አንድ ክፍል የነበረችው ከተማ ከወረዳው ተለይታ የራሷ አስተዳደር ያላት ሆነች፤ ዛሬ ሊሞ ዙሪያዋን ከቦ ይገኛል። ወተቱ፣ ቅቤው፣ ቆጮውና እንጨቱ የሚመጣው ከሊሞና ከእርሱ ማዶ ካሉት ወረዳዎች ነው። በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በሾኔም ያለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከተማ የሚበላው ከገጠር ነው።

በዚህ ረገድ የሌላውን አገር ልማድ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ቦሮ የሚባለው በጥንት ዘመን ከንጉሥ የመብት ደብዳቤ ተቀብሎ ራሱን የሚያስተዳድር ከተማ ነበር። በ1835 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣው ሕግ ብዙዎቹ በግብር ከፋዮች የተመረጠ ምክር ቤት እንዲኖራቸው ተደረገ። በ1974 ደግሞ በየስፍራው ከተማውንና በዙሪያው ያለውን ገጠር በአንድ ምክር ቤት ሥር አዋሕደው ታላላቅ አውራጃዎች አቋቋሙ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ ቦሮ ይባላሉ። እዚያም የቀድሞ ስማችን ጠፋ ብለው ያዘኑ ነበሩ። እነርሱ ከተማንና ገጠርን አንድ ሲያደርጉ፣ እኛ ከተማን ከወረዳ ለየን። የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ አቅማችን አይፈቅድም። ነገር ግን የሆሳዕና ቈሻሻ ወደ ወንዝ ቢጣል የሚጠጣው ከታች ያለው ገበሬ ነው፤ የገጠሩ ተራራ ቢራቈት ጐርፉ የሚወርደው በከተማው ላይ ነው። ወሰን በካርታ ላይ ቢሠመርም ውኃ ወሰን አያውቅም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ከአያት እስከ ልጅ የግዛቱ ስም ሲለዋወጥ ለቤቱ ባለቤት የተለወጠለት ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን መልሱ በስሙ ሳይሆን አቤቱታው በሚሄድበት መንገድ ይገኛል። ዛሬ የክልሉ መቀመጫ በደጃችን ነው፤ ሐዲይኛና ከምባትኛም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከጊቤ ቈላ ወይም ከጠምባሮ የመጣች አንዲት እናት በቢሮ በር ላይ «ነገ ተመለሺ» ከተባለች፣ ለእርስዋ ሆሳዕና እንደ ድሮው አዲስ አበባ ሩቅ ናት። ወንበሩ ቀረበ ማለት ፍርዱ ቀረበ ማለት አይደለም።

የተወደዳችሁ የትምህርት ቤታችን ልጆች! ከመካከላችን ነገ መዝገብ የሚይዝ፣ ማኅተም የሚመታ፣ ከወንበር ላይ የሚቀመጥ አይጠፋም። በዚያን ጊዜ ከፊታችን የሚቆመው ባለ ጉዳይ ስንቅ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ የሄደው ገበሬ የልጅ ልጅ እንደ ሆነ እናስብ። የእኛም አያት ምናልባት ከእርሱ ጋራ አብረው ሄደው ይሆናል። የአገር አስተዳደር ታሪክን መማር የሚጠቅመው ለዚህ ነው ብለን እናምናለን።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንልን።