የዑሙ አይመን ዕንባ

ነቢዩ መሐመድ እ.ኤ.አ. በ632 ዓ.ም. መዲና ውስጥ ካረፉ በኋላ ነው። ሁለቱ የቅርብ ባልደረቦቻቸው፣ አቡበክርና ዑመር፣ አንዲት አሮጊት ሊጠይቁ ሄዱ። ነቢዩ በሕይወት ሳሉ እኚህን ሴት እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበርና ያ ልማድ እንዳይቀር ብለው ነው። እንግዶቹ ሲደርሱ አሮጊቷ ማልቀስ ጀመሩ። ሁለቱ ሰዎች ሊያጽናኗቸው ሞከሩ፤ ለመልእክተኛው በአምላክ ዘንድ ያለው ከዚህ ዓለም እንደሚሻል አስታወሷቸው። አሮጊቷም ይህን እንደማይስቱት፣ የሚያለቅሱትም ስለዚህ እንዳልሆነ መለሱ። ያስለቀሳቸው ከሰማይ ይወርድ የነበረው ራእይ መቋረጡ ነበር። ይህን ሲሰሙ ሊያጽናኑ የመጡት ሰዎች አብረው አለቀሱ።

የአሮጊቷ መጠሪያ ዑሙ አይመን ነው። የመጀመሪያ ስማቸው በረካ ሲሆን፣ የሙስሊም ታሪክ ጸሐፍት ሐበሻዊት እንደነበሩ ይናገራሉ። በነቢዩ አባት በዐብደላህ ቤት በባርነት ይኖሩ ነበር። መሐመድ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ከየስሪብ ሲመለሱ አብዋእ በተባለ ቦታ መንገድ ላይ ሲሞቱባቸው፣ ወላጅ አልባውን ልጅ ይዘው መካ ያደረሱት እኚህ ሴት ናቸው። ነቢዩ ኸዲጃን ሲያገቡ ነጻ አወጧቸው፤ ዕድሜ ልካቸውንም እንደ እናት ይቆጥሯቸው ነበር።

እንግዲህ ዑሙ አይመን ያለቀሱት ላሳደጉት ልጅ ብቻ ቢሆን ማንም ባልተገረመ። እርሳቸው ግን ሐዘናቸውን ለይተው ተናገሩ። ከሞተው ሰው ሌላ፣ ከቤቱ የቀረ አንድ እንግዳ ነበር። ያ እንግዳ ማን ነበር? መምጣቱስ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ?

ስሙና ግብሩ

በኢስላም እምነት የአምላክን ቃል ለነቢያት የሚያደርሰው መልአክ ጅብሪል ነው። የአገራችን ክርስቲያን ገብርኤል ብሎ የሚጠራው፣ መጋቢት 29 ቀን የብሥራቱን ዜና፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ማዳኑን እያሰበ የሚያከብረው መልአክ ማለት ነው። ቁርኣን ጅብሪልን በስሙ የሚጠራው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ አንድ ጊዜ በ66ኛው። በሌሎች ቦታዎች ቅዱስ መንፈስ፣ የተከበረ መልእክተኛ፣ ኃይሉ የበረታ እየተባለ ተገልጿል። ከእነዚህ መጠሪያዎች ሁሉ ለጉዳያችን የሚቀርበው ታማኙ መንፈስ የሚለው ነው። የመልእክተኛ ነገር መነሻውም መድረሻውም መታመን ነውና።

ስሙን የቋንቋ ሊቃውንት ከዕብራይስጥ አንሥተው የአምላክ ኃያል ወይም የአምላክ ሰው ብለው ይተረጉሙታል። ቀደምት የቁርኣን ተርጓሚዎች ግን ጅብር ማለት አገልጋይ፣ ኢል ማለት አምላክ ነው ብለው የፈቱበት ዘገባ አለ። ግእዝ ለቀመሰ ሰው ይህ አፈታት እንግዳ አይሆንበትም፤ ገብር አገልጋይ ነውና። ሥርወ ቃሉ የትኛውም ይሁን፣ መልአኩ በኢስላም ያለው ቦታ ይኸው ነው። አይመለክም፤ ስለት አይገባለትም። በተሰጠው ቃል ላይ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

የሒራው ሌሊት

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ610 ዓ.ም. ገደማ ከመካ ወጣ ብሎ ባለ ተራራ ላይ በሚገኘው የሒራ ዋሻ ነው። መሐመድ ዕድሜያቸው አርባ ደርሷል። ስንቅ ይዘው እየወጡ ብቻቸውን የመቀመጥ ልማድ ነበራቸው። በረመዳን ወር በአንዱ ሌሊት መልአኩ መጣና እንዲያነቡ አዘዛቸው። ማንበብ እንደማይችሉ ነገሩት። አቅፎ እስኪጨንቃቸው ድረስ ጨመቃቸው፤ ለቀቃቸውና እንደገና አዘዛቸው። እስከ ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ዛሬ የቁርኣን 96ኛ ምዕራፍ መጀመሪያ የሆኑትን አምስት አንቀጾች አሰማቸው።

ልብ ልንል የሚገባን ቀጥሎ የሆነውን ነው። መሐመድ ከተራራው የወረዱት እየፎከሩ አልነበረም። እየተንቀጠቀጡ ቤታቸው ገቡና እንዲያለብሷቸው ለመኗቸው። ለነፍሳቸው ፈርተው ነበር። በዚያን ዘመን ዐረብ አገር ከማይታይ ፍጥረት ቃል እንቀበላለን የሚሉ ጠንቋዮች ነበሩ፤ ባለቅኔውም ጂን ያናግረዋል ይባል ነበር። ዋሻው ውስጥ የያዛቸው ኃይል ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያውን መልስ የሰጡት ባለቤታቸው ኸዲጃ ናቸው። ማስረጃቸው የባላቸው ኑሮ ነበር፤ ዘመድ የሚጠይቅ፣ የደካማን ሸክም የሚያግዝ፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው አምላክ እንደማያዋርደው ነገሯቸው። ከዚያም ወደ አጎታቸው ልጅ ወደ ወረቃ ኢብን ነውፈል ወሰዷቸው። ወረቃ ወንጌልን የሚያውቁ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ክርስቲያን ነበሩ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ የመጣው ወደ ሙሴ የተላከው ናሙስ መሆኑን ተናገሩ። ቃሉን ብዙ ሊቃውንት ሕግ ከሚለው የግሪክ ቃል ከኖሞስ ጋር ያዛምዱታል። ጅብሪልን ለይቶ በማወቅ በኩል የመጀመሪያው ምስክር እንግዲህ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኑ ማለት ነው።

በትእዛዝ የሚመጣ እንግዳ

ከዚያ በኋላ መልአኩ ጠፋ። ይህ የዝምታ ጊዜ ለነቢዩ ከባድ እንደነበር ዘገባዎቹ ይናገራሉ። ቆይቶ በሰማይና በምድር መካከል በዙፋን ተቀምጦ አዩትና እንደገና ደንግጠው ቤት ገቡ፤ ራእዩም ቀጠለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ለምን እንደማይጎበኛቸው ጅብሪልን ጠየቁት። ምላሹ በ19ኛው ምዕራፍ ይገኛል፤ ፍሬ ነገሩ መላእክት ካለ ጌታ ትእዛዝ አይወርዱም የሚል ነው። ነቢዩ መልአኩን ሊናፍቁት ይችላሉ፤ ሊጠሩት ግን አይችሉም።

አመጣጡም አንድ ዓይነት አልነበረም። ሚስታቸው ዓኢሻ እንዳስተላለፉት፣ አንዳንዴ ራእዩ እንደ ደወል ድምፅ ይመጣል፤ ከሁሉ የሚከብዳቸው ይህ ነበር። በብርድ ቀን እንኳ ግንባራቸው ላብ ያንጠባጥብ ነበር። ጸሐፊያቸው ዘይድ ኢብን ሳቢት ጭናቸው በነቢዩ ጭን ሥር ሳለ ራእይ ቢወርድ ክብደቱ አጥንታቸውን ሊሰብረው እስኪመስላቸው ደርሰዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መልአኩ ሰው መስሎ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ መልከ መልካም የነበሩትን ዲሕያ አልከልቢን ይመስል ነበር። አንድ ቀን የነቢዩ ሚስት ዑሙ ሰለማ ይህን እንግዳ አይተው ዲሕያ ናቸው ብለው አልፈዋል፤ ማንነቱን ያወቁት ነቢዩ ቆይተው ሲናገሩ ነው። በተፈጥሮ መልኩ ግን ነቢዩ ያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ዓኢሻ ይናገራሉ።

ዑመር የሚተርኩት ታሪክ ከሁሉ ይታወቃል። ልብሱ እጅግ የነጣ፣ ጠጉሩ እጅግ የጠቆረ፣ የመንገድ ምልክት የማይታይበት፣ ነገር ግን ከተቀመጡት አንድም ሰው የማያውቀው እንግዳ መጥቶ ጉልበቱን ከነቢዩ ጉልበት አገናኝቶ ተቀመጠ። ስለ ኢስላም፣ ስለ እምነትና ስለ በጎ ሥራ ጠየቀ፤ መልሱንም ትክክል ነው እያለ አጸደቀ። የመጨረሻዋ ሰዓት መቼ እንደምትሆን ሲጠይቅ ግን ተጠያቂው ከጠያቂው የበለጠ እንደማያውቅ ተነገረው። ሲሄድ ነቢዩ ሰውየው ጅብሪል እንደነበረና ሃይማኖታቸውን ሊያስተምራቸው እንደመጣ ነገሯቸው። የራእይ መልአክ እንደ ተማሪ ተቀምጦ በመጠየቅ አስተማረ።

የአክሱም ችሎት

ስለዚህ መልአክ የሚናገር የቁርኣን ቃል ገና በማለዳው የተሰማው በእኛ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ615 ዓ.ም. ጀምሮ ከመካ ስደት ሸሽተው የመጡ ሙስሊሞች በንጉሡ፣ ዐረቦች ነጃሺ በሚሉት፣ ፊት ቀርበው ነበር። የመካ ባለሥልጣናት መልእክተኞች ልከው ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ጠይቀዋል። ንጉሡ ነቢያቸው ካመጣው እንዲያሰሙት ሲጠይቅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የመርየምን ምዕራፍ መጀመሪያ አነበቡ። በዚህ ምዕራፍ ማርያም ከቤተሰቧ ርቃ ሳለች የአምላክ መንፈስ በሰው አምሳል ተገልጦ ልጅ እንደምትወልድ ያበሥራታል፤ ተርጓሚዎች ይህ መንፈስ ጅብሪል ነው ይላሉ። ንጉሡና ጳጳሳቱ አለቀሱ፤ ንጉሡም ይህና ቀድሞ የመጣው ከአንድ ብርሃን የወጡ መሆናቸውን ተናግሮ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም ይላል ትረካው። ይህን ለትውልድ ያስተላለፉት በዚያ ስደት የነበሩት፣ ኋላ መልአኩን ዲሕያ ናቸው ብለው ያለፉት ዑሙ ሰለማ ራሳቸው ናቸው።

ዝምታው ሲከብድ

ራእይ በትእዛዝ ብቻ የሚመጣ መሆኑ በነቢዩ ቤት ያስከተለውን ጭንቅ የዓኢሻ ታሪክ ያሳያል። ከዘመቻ ሲመለሱ ከጓዙ ወደኋላ ቀርተው በአንድ ወጣት ታጅበው ስለገቡ ክፉ ሐሜት ተወራባቸው። መዲና ታመሰች። ነቢዩ አንድ ወር ያህል ጠበቁ፤ ስለ ጉዳዩ የወረደ ራእይ አልነበረም። ሰው ጠየቁ፣ ተማከሩ፣ ዓኢሻም ወላጆቻቸው ቤት እያለቀሱ ሰነበቱ። በመጨረሻ ንጽሕናቸውን የሚመሰክረው የ24ኛው ምዕራፍ ክፍል ወረደ። ራእይን ሰው እንደፈለገ የሚያመጣው ቢሆን ኖሮ ያ ወር ባልተፈለገ ነበር፤ አማኞችም ይህን ዝምታ የመልእክቱ እውነተኛነት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል።

ደጁ ከተዘጋ በኋላ

ጅብሪል በየዓመቱ በረመዳን እየመጣ ከነቢዩ ጋር ቁርኣንን አንድ ጊዜ ይከልስ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ጊዜ ከለሰ፤ ነቢዩም ይህን የዕለተ ሞታቸው መቃረብ ምልክት አድርገው ለልጃቸው ለፋጢማ ነገሯት። ከዚያ በኋላ አዲስ ቃል አልመጣም። መልአኩ ጨርሶ ከምድር ቀረ ማለት አይደለም፤ 97ኛው ምዕራፍ በለይለተል ቀድር ሌሊት መላእክትና መንፈሱ እንደሚወርዱ ይናገራል፤ ብዙ ተርጓሚዎችም መንፈሱ ጅብሪል ነው ይላሉ። የቀረው ሕግና መጽሐፍ ይዞ መምጣቱ ነው።

የዑሙ አይመን ዕንባ ትርጉም ወዲያው በተግባር ታየ። ራእይ ይወርድልኛል ይል ከነበረው ከሙሰይሊማ ጋር በየማማ በተደረገው ውጊያ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሰዎች ወደቁ። ዑመር ደንግጠው አቡበክርን ወተወቱ፤ ነቢዩ ያልሠሩትን ሥራ እንዴት እሠራለሁ ብለው ያመነቱት አቡበክር በኋላ ተስማሙ። ዘይድ ኢብን ሳቢትም ከቆዳ፣ ከድንጋይ፣ ከተምር ዝንጣፊና ከሰዎች ልብ ቁርኣንን ሰበሰቡ። ከልሶ የሚያስታውስ መልአክ ከሌለ መጻፍና መጠበቅ የሰው ዕዳ ሆነ።

ፍርድም እንዲሁ። ዑመር ኸሊፋ ሳሉ፣ በነቢዩ ዘመን ራእይ የሰዎችን ምስጢር ይገልጥ እንደነበር፣ አሁን ግን ስለተቋረጠ የሚፈርዱት በሚታየው ሥራ ብቻ እንደሆነ መናገራቸው ተዘግቧል። የልብን ለአምላክ ትተው የእጅን መመዘን ጀመሩ።

ኋላ የመጡ ፈላስፎች ደጁን በሌላ በኩል ፈልገዋል። አል ፋራቢ (እ.ኤ.አ. በ950 ዓ.ም. የሞተው) ታማኙን መንፈስ የሰውን አእምሮ ከሚያበራው ንቁ አእምሮ ጋር አንድ አደረገው፤ ኢብን ሲናም የራእይን ነገር በዚሁ መንገድ አብራራ። አል ገዛሊ ፈላስፎችን በብርቱ ተቸ። ስለ ጅብሪል ክንፍ ድምፅ የጻፈው ሱህረወርዲ ደግሞ በሃይማኖት ሊቃውንት ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1191 ዓ.ም. አሌፖ ውስጥ ተገደለ። ክርክሩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ራእይ በአእምሮ ብርታት የሚደረስበት ከሆነ በነቢይና በፈላስፋ መካከል ያለው ግንብ ይሳሳል።

አንዲት ባሪያ የነበሩ ሐበሻዊት ግን ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውት ነበር። ሰው ይሞታል፤ ሞቱም ይጠበቃል። የተቋረጠው ግን፣ ስንሳሳት የሚያርመን፣ ስንጣላ የሚፈርድልን ድምፅ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ የአማኙ ድርሻ በእጁ ያለውን ቃል አንብቦ፣ ተከራክሮና ተጠንቅቆ መኖር ሆነ። አቡበክርና ዑመር አብረው ያለቀሱት ያ ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ገብቷቸው ይመስለኛል።