በወረራ ላይ የተሸነፈ ንጉሥ

የአገራችን የጥንት ሰንጠረዥ ከፈረንጆቹ ቼዝ የሚለይበት ብዙ ነገር አለው፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን አጀማመሩ ነው። ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መደቃቸውን እየገፉ፣ ፈረሳቸውን እያስወጡ፣ ደራቸውን እያሰለፉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዐይኑ እየሰረቀ፣ ያሻቸውን ያህል ይንቀሳቀሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ የሚዘልቀው ይህ ጊዜ «ወረራ» ይባላል። ተራ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ ሲደሰቱ አይቷል። ሕጉን ሰብስቦ ያቆየልን ግን ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት ሰፊ ጽሑፍ አሳትሟል። እርሱን ያነበበ ሰው መኳንንቱ በሰንጠረዥ ጊዜ ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን የጦር ጠባያቸውንም ይገልጡበት እንደ ነበር ይረዳል።

ፈረንጆችም ቢሆኑ ጦርነትን ጠረጴዛ ላይ አውጥተዋል። በ1824 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ በካርታ ላይ ትናንሽ ግንዲላዎችን አሰልፎ፣ ዳኛ አስቀምጦ፣ ዳይስ እያስጣለ መኮንኖችን የሚያሠለጥን ጨዋታ አበጀ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ውጊያ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ያለፉ ውጊያዎችን በጠረጴዛ ላይ መልሶ መዋጋት የብዙ ሺህ ሰዎች ፍቅር ሆነ። እኔም ሰቆጣ ላይ ተቀምጬ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ፣ ማታ ማታ ሽምብራና ባቄላ መቁጠር ጀመርሁ።

የመረጥሁት ውጊያ የአሳምን ነው። ሌላ ልመርጥ አልችልም ነበር። ዋግሹም ጎበዜ የእኛው ሰው ናቸው፤ አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሰቅለው ሞተዋል። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ጎበዜ «ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሳም በተባለው ወንዝ ዳር ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ገጠሙ። የሠራዊታቸው ብዛት 60 ሺህ፣ የካሣ ደግሞ 12 ሺህ እንደ ነበር ይነገራል። አንዱን ፍሬ ለ500 ሰው መደብሁት፤ 120 ሽምብራ በ24 ባቄላ ላይ ማለት ነው። ካሣ የታጠቋቸውን መድፎች በበርበሬ ፍሬ ወከልሁ። ዳይሱን ከጎረቤት ልጆች የሉዶ ጨዋታ ተዋስሁ።

ጎበዜ እንዲያሸንፉ ፈልጌ ነበር፤ አልደብቅም። በመጀመሪያው ምሽት አሸነፉም። ነገር ግን ያሸነፉት መድፉን እንደ ተራ ጠመንጃ ስለ ቆጠርሁት ነው። ሕጉን አስተካክዬ ስደግመው ሽምብራዎቹ ወንዙን ሳይሻገሩ አለቁ። በዚያ ሰዓት የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሽማግሌ፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

«ይህ እህል ምን በደለህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ጦርነት ነው፣ ጋሼ» አልሁና አስረዳኋቸው።

ጥቂት ተመለከቱና «ወሩ ሐምሌ ነው አልህ? ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይበላል?» ሲሉ ጠየቁ። ስንቅ የሚባል ነገር በጨዋታዬ ውስጥ አልነበረም። በዚያ ዘመን ጦር የሚኖረው ካለፈበት ገበሬ ጎተራ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጎተራ ይሟጠጣል፣ ወንዝ ይሞላል። ብዛት ያኔ ጉልበት መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል። ዘበኛው ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። እዚህ አገር ጦርነትን በጨዋታ ብቻ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰቆጣም ገብቶ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ረኀብና ስደት ገና አልተረሳም። ሽምብራውን ስደረድር አንዳንዴ እጄን የሚይዘኝም ይኸው ነው።

ቢሆንም ጨዋታውን አልተውሁም፤ የጎደለው ስንቅ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበርና። ውጊያውን የጀመርሁት ከአሳም ወንዝ ነው። መጀመር የነበረብኝ ግን ከወረራው ነው፤ ወረራው ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲያልፍ ተጀምሯል። ካሣም ጎበዜም እንግሊዞችን አልተዋጉም፤ ሁለቱም አሳልፈዋቸዋል። ናፒየር ሲመለስ ግን መድፍና ሞርታር 12፣ ጠመንጃም ከ800 በላይ ከነጥይቱ ለካሣ ትቶ ሄደ። ከዘመቻው ጋር የመጣው እንግሊዛዊ ጆን ኪርካምም በካሣ ዘንድ ሆኖ ወታደር ያሠለጥን ጀመር። ጎበዜ ዘውድ ደፍተው የንጉሥነት ሥራቸውን ሲሠሩ፣ ካሣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ተራ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። አሳም የመጀመሪያው ጠጠር የተበላበት ቀን ነው እንጂ ጨዋታው የተጀመረበት ቀን አይደለም።

ሰሌዳው የማይዘው ሌላም ሰው አለ። በፈረንጆቹ ቼዝ ከንጉሡ ጎን ንግሥቲቱ ትቆማለች። በእኛ ሰንጠረዥ ግን የምትቆምበት ቦታ የላትም፤ ከንጉሡ ጎን ያለው ፈርዝ ነው፤ እርሱም በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ የሚሄድ ባለሟል ነው። የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሚስት ድንቅነሽ ምርጫ የካሣ እኅት ነበሩ። በዚያች የሐምሌ ቀን ባላቸው በአንድ ወገን፣ ወንድማቸው በሌላው ተሰልፈው ነበር። ለእርሳቸው የሚሆን ፍሬ ፈልጌ አጣሁ።

ሰንጠረዣችን ስለ አሸናፊ ክብርም ሕግ አለው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት እምብዛም አያስመሰግንም፤ የሚደነቀው በመደቅ የተገኘ ድል ነው። ሠራዊቱን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ ማት አይባልም፤ ጨዋታው በዚያው እኩል ለእኩል ያበቃል። ከአሳም በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተማረኩ። ዐይናቸው ጠፍቶ በእስር ሳሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዐረፉ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ «ዐፄ ዮሐንስ» ተብለው ነገሡ።

ትናንት ማታ አንድ ሽምብራ ብቻ ሰሌዳው ላይ ሲቀር ዳይሱን አልጣልሁም። ዘበኛው ሽምብራውን አንሥተው ጨርቁን አጠፉልኝ።