የአትክልት መኮትኮቻ ሞተርና የመንከሱ ታሪክ

በሞተር ኃይል የሚሠራው የአትክልት መኮትኮቻ ከማረሻ የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። ማረሻ ይጎተታል፤ አፈሩ ሲከብድ ወይ በሬው ይቆማል፣ ወይ የትራክተሩ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል። መኮትኮቻው ግን ስለቱን በዘንግና በጥርስ ከሞተሩ ጋር አስተሳስሮ በአፈር ውስጥ የሚያሽከረክር በመሆኑ፣ ድንጋዩም ሥሩም ምቱን የሚመልሰው ወደ መኪናው ሆድ ነው። መሣሪያው ገና ከተወለደ ጀምሮ ያልተለየው የመንከስ፣ ማለትም ደርቆ አልዞር የማለት፣ ችግር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ፈልሳፊዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። የስዊስ ተወላጁ ኮንራድ ፎን ማየንቡርግ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ባቀደው መኮትኮቻ ላይ ጥርሶቹን በሞላ ላይ ተከላቸው። ድንጋይ ሲነካቸው አፈግፍገው ያልፋሉ፤ ጊርና ዘንግም ከምቱ ይተርፋሉ። ሐሳቡን ተቀብሎ መኪናውን የሠራው የጀርመኑ የሲመንስ ኩባንያ ነበር።

በዚያው ዘመን ማለትም እ.ኤ.አ. በ1912፣ በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በጊልጋንድራ፣ ዕድሜው ሃያ ያልሞላ አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ የተባለ ወጣት በአባቱ እርሻ ላይ ሌላ ሙከራ ያካሂድ ነበር። የትራክተሩን ሞተር ዘንግ ከማረሻ ዲስኮች ጋር አገናኝቶ ቢያሽከረክራቸው፣ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ እንደሚፈታ ተገነዘበ። ነገር ግን ዲስኮቹ አፈሩን ወደ ጎን እየበተኑ አስቸገሩት። መፍትሔ ያገኘው ጫፋቸው የታጠፈ፣ የላቲኑን «ኤል» ፊደል የሚመስሉ ስለቶች በመሥራት ሲሆን፣ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1920 በፓተንት አስመዘገበ። በ1922 በአገሩ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1938 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ሌላ መሠረተ። «ሮታቬተር» የተሰኘው የንግድ ስምም ከእርሱ ሥራ የመጣ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከፊትም ከኋላም ቢነበብ ያው ነው። በአሜሪካ በ1930ዎቹ የተስፋፋው «ሮቶቲለር» ግን የአውሮፓውን መስመር የተከተለ ነበር።

የሃዋርድ ግትር ስለት ጠንካራና ቀላል በመሆኑ በገበያ ቢያሸንፍም፣ በሞላው ላይ የነበረው ተሸናፊነት ከመኪናው ጨርሶ ሊወጣ አይችልም ነበር፤ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ነበረበት። ስለዚህ በኋላ በተሠሩት መኪናዎች አንዳንዶቹ ጫና ሲበዛ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ ሌሎቹ የሚላላ ቺንጊያ፣ ሌሎቹም ከለስላሳ ብረት የተሠራና ቀድሞ የሚቆረጥ ቡሎን ይዘዋል። የተቆረጠውን ቡሎን በጠንካራ ብረት የሚተካ ጥገና ባለሙያ መኪናውን ያጠነከረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ የሚቀጥለውን ምት ወደ ጊሩ ልኮታል።

ነክሷል ተብሎ ወደ ጋራዥ የሚመጣ መኮትኮቻ ሲመረመር አስቀድሞ በሁለት መከፈል ይገባዋል። ካንዴላው ይወልቃል፤ ሞተሩ ከጊሩ ይላቀቃል፤ ከዚያ ገመዱ በቀስታ ይሳባል። ሞተሩ ከዞረ ችግሩ ከታች ነው። አንዳንድ ጊዜ ከካርቡራቶር የፈሰሰ ቤንዚን ሲሊንደሩን ሞልቶ ፒስተኑን ያግደዋል፤ ካንዴላው እንደወጣ ቤንዚኑ ይረጫል፣ ሞተሩም ይዞራል። ይህ መንከስ አይደለም።

ሞተሩ በእርግጥ ካልዞረ፣ ለረጅም ጊዜ በእርጥበት ውስጥ ቆሞ ከሆነ ፋሻዎቹ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል ማለት ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ዝገት የሚፈታ ዘይት ጨምሮ ጥቂት ቀናት መታገሥ፣ ቀጥሎም ዘንጉን ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ማነቃነቅ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። በመዶሻ ፒስተኑን መምታት ግን ሊጠገን የሚችለውን ሞተር ቁራጭ ብረት ያደርገዋል። እየሠራ ሳለ በድንገት የቆመው የተለየ ነው። በትናንሽ ሞተሮች በብዙዎቹ ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጨው በቢዬላው ጫፍ ያለች ትንሽ ማንኪያ መሰል ብረት ናት፤ ዘይቱ ከጎደለ ወይም መኪናው በቁልቁለት ለረጅም ጊዜ አዘንብሎ ከሠራ ማንኪያዋ ዘይቱን አትደርስበትም፣ የአሉሚኒየሙ ቢዬላም ከዘንጉ ጋር ይጣበቃል። ይህን ዘይት በማፍሰስ ማዳን አይቻልም፤ ሞተሩ መፈታት አለበት።

ችግሩ ከታች ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የስለቱ ዘንግ ጫፍ ነው። ከአፈር የወጣ ሽቦ፣ ሲባጎና ሣር ተጠምጥሞበት ፓራኦሊዮውን ይቆርጣል፤ ዘይቱ ይወጣል፣ ጭቃና ውሃ ይገባል፣ ኩሽኔታውም ይዝጋል። ባለቤቱ ስለቱ አልዞር ሲለው ሞተሩን ይወቅሳል፤ ፍሪሲዮኑንም እስኪቃጠል ያስጨንቀዋል። ጥምጥሙ ከተቆረጠ በኋላ የጊሩ ዘይት ወደ ንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። የነሐስ ጥርስ ባላቸው ላይ ወርቃማ ብናኝ ከታየ ደግሞ ጥርሱ እየተበላ ነውና፣ ስለቱ በእጅ ቢዞርም ጊሩ ሳይከፈት ሞተሩ መነሣት የለበትም።