ከአዳማ እስከ ሊማሊሞ፦ የመንገድ ክፍያ፣ የጉዞ ፍላጎትና አማራጭ መንገድ

የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መባቻ አገልግሎት ሲጀምር አሽከርካሪው ከዚያ በፊት ያልነበረው ምርጫ አገኘ። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መንገድ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነትና እንደ ርቀቱ ያስከፍላል፤ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው ነባሩ መንገድ ግን ያለ ክፍያ ክፍት ነው። ስለዚህ ታሪፉ ሲጨምር ጉዞው በአብዛኛው መንገድ ይቀይራል እንጂ አይቀርም። ጊዜው የሚያንገበግበው ይከፍላል። በየከተማው ሰው እያወረደ የሚጭን ሚኒባስ ደግሞ ክፍያው ቢቀንስለትም እምብዛም አይገባበትም፤ ገበያው በነባሩ መንገድ ዳር ነውና።

ይህን ልምድ እንዳለ ወስዶ ለሌላ መስመር ትንበያ ማዋል ግን ያሳስታል። የጎንደር–ሽሬ መንገድ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ ይወርዳል። ሌላው አማራጭ በሁመራ መዞር ነው፤ የዚያ ነዳጅና ጊዜ ደግሞ አይቀመስም። በጎንደር ዘመን ከምጽዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴም ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ነበር የሚያልፈው። በእንዲህ ያለ ቦታ ተራራው ራሱ ለቀራጩ አጥር ይሆንለታል።

እንግዲህ በዚህ መስመር ክፍያ ቢጣል ምን ይከተላል? ከዳባት ገብስ ጭኖ ጎንደር የሚገባውን አይሱዙ እንውሰድ። ሾፌሩ ክፍያውን በጭነት ዋጋው ላይ ይደምረዋል፤ ባዶውን ሲመለስ የሚከፍለውንም ጭምር። ትልቁ ነጋዴ ይህን ከትርፉ ያቻችላል፤ መኪናውም መመላለሱን አይተውም። አንድ በግ ሸጦ ሊመለስ የሚሳፈረው ገበሬ ግን የመሳፈሪያ ዋጋው ሲጨምርበት ጎንደር መሄዱን ትቶ እዚያው ቀዬው ለደላላ በቅናሽ ይሸጣል። በክፍያ ጣቢያው የሚያልፈውን መኪና ብቻ የሚቆጥር አጥኚ ፍላጎቱ ለዋጋ ደንታ የለውም ብሎ ይደመድማል። የተጎዳው ሰው ግን ከመጀመሪያውም ጣቢያው ጋ አልደረሰም።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዡል ዱፕዊ በ1844 (እ.ኤ.አ.) የድልድይ ክፍያን ምሳሌ አድርጎ ያመለከተው ይህንኑ ነው፦ ክፍያው ያስቀረው መሻገር ለማንም ገቢ ሳይሆን የጠፋ ጥቅም ነው። በእኔ እምነት የኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝም ሆነ ሌላ አካል አማራጭ በሌለው መስመር ታሪፍ ከማውጣቱ በፊት ጥናቱን ከገበያ መጀመር አለበት። በዳባትና በደባርቅ የገበያ ቀን ማን፣ ምን ይዞ፣ በስንት ብር ተሳፍሮ እንደሚመጣ ይመዝገብ፤ ክፍያው ከተጀመረ በኋላም ያው ምዝገባ በዚያው ወቅት፣ ከመኸር በኋላ፣ ይደገም።