የስሙኒ ጋዜጣ

አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ያላነበበ የእኔ ዘመን ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ጋዜጣና መጽሔቱ እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈልቶ ስለነበር፣ ሁሉንም ልግዛ ያለ መምህር ምሳውን መሰረዝ ነበረበት። እናላችሁ፣ ለአከራዩ ስሙኒ ከፍለን፣ አጥር ሥር ተደርድረን እናነባለን። አከራዩ የእጅ ሰዓት የለውም፤ ሰዓት ግን አይስትም። «መምህር፣ በቃልዎ ሸምድደው ነው እንዴ የሚመልሱልኝ? ሌላ ስሙኒ!» ይለኛል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም ሌላ ስሙኒ አወጣለሁ።

ሁሉም ለፖለቲካው አይመጣም። ገሚሱ ስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ይዞ በቀጥታ ወደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይገባል። ርዕሰ አንቀጹን ዞር ብሎም አያየው። ያኔ እንታዘባቸው ነበር። የጋዜጣውን የቤት ኪራይ የሚከፍለው የእኛ ርዕሰ አንቀጽ ሳይሆን የእነሱ ገጽ መሆኑን ያወቅነው በጣም ዘግይተን ነው።

አሳታሚዎች አከራዮቹን ለዓይናቸው ይጠሏቸው ነበር። አንድ የማውቀው አሳታሚ «አንዱን ቅጂ ሃያ ሰው ያነበዋል፤ እኔ ኪስ የሚገባው የአንዱ ሰው ብር ነው» እያለ ይንገበገባል። አንዳንዱ ደግሞ ሲከራይ የዋለውን ጋዜጣ አጣጥፎ ማታ «አልተሸጠም» ብሎ ይመልስለታል። መቼም ሰውዬው እውነት አለው። ግን የእኛ ጋዜጣ መቼ ነው በቅጂው ቁጥር ኖሮ የሚያውቀው?

አንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 «አእምሮ»ን ሲጀምር ጋዜጣው የእጅ ጽሑፍ ነበር። ስሙን ዳግማዊ ምኒልክ አወጡለት፤ ቅጂው 24 ነበር ይባላል። ሃያ አራት! ዛሬ የአንድ ድሃ ሠርግ መጥሪያ ከዚህ ይበልጣል። ኋላ ማባዣ ተገኝቶ ወደ 200 ከፍ አለ። እንዲህ ያለ ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ ካልዞረ፣ ያነበበው ላላነበበው ካላወራው፣ ከግቢው አጥር አያልፍም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914፣ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ በ1917፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲመጡ ቅጂው በዛ። ፊደል የቆጠረው ሰው ግን ገና ጥቂት ስለነበር አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። ተነቦ ሲያበቃም አይጣልም። ከፊሉ የሱቅ ስኳር መጠቅለያ ይሆናል፤ ከፊሉ በሊጥ ተለጥፎ የጭቃ ግድግዳ ያለብሳል። እኔ ራሴ ማንበብ የተለማመድኩት አልጋዬ ራስጌ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። አንዱ ዜና ግማሹ በቁም ሣጥን ተሸፍኖ ስለነበር መጨረሻው እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አገራችን ሲገቡ ከጋዜጣ ሰዎች ማንም የደነገጠ አልነበረም። ማን ያገኘዋል ብለን! መጀመሪያ የነቃው መንግሥት ሳይሆን አይቀርም። ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት የሞባይል አጭር መልእክት ተዘጋና የተከፈተው ሚሊኒየማችን ሊገባ ሲል ነው። በ1998 ብዙ ጋዜጦች ከገበያ ጠፉ። «አዲስ ነገር» በ2002 ኅዳር ላይ ኅትመቱን አቁሞ አዘጋጆቹ ከአገር ሲወጡ፣ ጽሑፉን በኢንተርኔት ቀጠሉ። ጋዜጣ ወረቀቱን ጥሎ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ፌስቡኩ፣ ከዚያ ቴሌግራሙ መጣ።

የጋዜጣውን ወገብ የሰበረው ግን ያ የናቅነው የማስታወቂያ ገጽ ነው። አሜሪካኖቹ ቀድመው አይተውታል። በ1995 እንደ እነሱ አቆጣጠር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ክሬግስሊስት የጥቃቅን ማስታወቂያዎችን ገበያ በነፃ አድርጎ ሲወስድ፣ የየከተማው ጋዜጣ ትልቅ ገቢ አብሮ ሄደ። እኛም ዘንድ ሥራ ፈላጊው ስክሪብቶውን ጥሎ ስልኩን ያዘ። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ወረቀት ደግሞ ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያውቅም። ያ አከራይ ሲጠላ የነበረ አሳታሚ ዛሬ ጋዜጣው እንዳለ ተገልብጦ በቴሌግራም ሲዞር ያያል፤ የሚከፍለው ግን የለም። አከራዩ ቢያንስ አንዱን ቅጂ ይገዛ ነበር እኮ!

ሙሾ ላወርድ አይደለም። ድሮ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ክፍለ ሀገር የሚደርሰው ከረፈደ ነበር። ዛሬ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የመንደሯን ወሬ ከእኔ እኩል ትሰማለች፤ አንዳንዴም ቀድማኝ። ይህን ያገኘ ሕዝብ ወደ ድንጋዩ ተመለስ ቢሉት አይመለስም፤ እኔም አልመለስም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ተማሪዎች ሊያማክሩኝ መጡ። አንደኛዋ በ1997 ምርጫ ወቅት ጋዜጦች ላይ የተጻፈውን ልታጠና ነው፤ ስድስት ኪሎ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ላክኋት። ከሁለት ወር በኋላ አቧራ ጠግባ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ሞልታ መጣች። ሁለተኛው የ2010ሩን ለውጥ በፌስቡክ ላይ ከነበረው ክርክር ሊያጠና ፈለገ። ከመረጣቸው ገጾች አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፤ አንዳንዶቹ ስም ቀይረዋል፤ ያን ጊዜ አገር ያነጋገሩ ጽሑፎች በባለቤቶቻቸው ተሰርዘዋል። አንዱ ጸሐፊ ጭራሽ «እንዲህ ብዬ አላውቅም» አለው። የታተመ ጋዜጣ ላይ እንዲህ ማለት አይቻልም፤ የአዘጋጁ ስምና አድራሻ ግርጌው ላይ አለ። ልጁ ርዕሱን ቀየረ። የሃያ ዓመቱ ወረቀት ተገኝቶ የትናንቱ ጠፋ!

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጠዋት ጭልም አለ። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ሬዲዮኔን ከቁም ሣጥን አናት አውርጄ ባትሪ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ። «አእምሮ»ን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ሃያ አራት ቤት መበርበር ነበረበት።

ባለፈው ዓመት በአራት ኪሎ አለፍኩ። የምንቀመጥበት አጥር የለም፤ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሰፍቶ አምሯል። የድሮ አከራዬን ግን ትንሽ ራቅ ብሎ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ሲሸጥ አገኘሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። «መምህር!» ብሎ ተነሣልኝ። የድሮዎቹን ጋዜጦች ምን አደረስካቸው አልኩት። አብዛኛውን ለመጠቅለያ በኪሎ ሸጦታል፤ አንድ ጆንያ ግን ቤቱ ቀርቶታል፤ ሚስቱ በየዓመቱ አውጣልኝ ትለዋለች። በኪሎው ዋጋ ልግዛው አልኩ። «ለእርስዎ በኪሎ አልሸጥም፤ በስሙኒ ነው» ብሎ ሳቀብኝና ያሰበውን ዋጋ ነገረኝ። ስሙኒ አልነበረም!

ጆንያው አሁን ሳሎኔ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴም እንደ እሱ ሚስት ማጉረምረም ጀምራለች። ፖለቲካው ገጽ ላይ ብዙም ምልክት የለም። ክፍት የሥራ ቦታው ገጽ ግን በስክሪብቶ ተሰምሮበት ተሰምሮበት ሊቀደድ ደርሷል። አንዱ ላይ ሦስት ሰዎች በሦስት ዓይነት ቀለም ያንኑ የሂሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ከበውታል፤ ኅዳጉ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ስልክ ቁጥር ተጽፎ፣ አጠገቡ በሌላ ሰው እጅ «ተይዟል፣ አትድከሙ» ይላል።