የሚያጓራው ምድጃ

በላምባ ምድጃ ወጥ የሠራች ሴት ሁለት ነገር አትረሳም፤ ሽታውንና የድስቱን ቂጥ። ቢታጠብ ቢፈገፈግ ጥላሸቱ አይለቅም። ምክንያቱ ክሩ ነው። በክር የተሳበ ላምባ በወጉ ሳይነድ ሲቀር ትርፉ ድስት ላይ ይለጠፋል።

ከዚህ ጣጣ የሚገላግል ምድጃ ስቶክሆልም ላይ እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የተባለ ስዊድናዊ ነው። ምድጃው ክር የለውም። የናስ ሆድና ጎኑ ላይ እንደ ብስክሌት መንፊያ የምትገፋ ፓምፕ አለው። መጀመሪያ አንገቱ በአልኮል እሳት ይሞቃል። ከዚያ ሲነፋ ላምባው በጋለው ቧንቧ አልፎ ተን ይሆንና፣ በጠባብ ቀዳዳ ተወንጭፎ ከአየር ጋር ተደባልቆ፣ እያጓራ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ጥላሸት የለ፣ ምን የለ! ስሙን «ፕሪመስ» አሉት፤ በላቲን «የመጀመሪያ» ማለት ነው።

የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ የደረሰው አሙንድሰን፣ በ1953 ኤቨረስት ጫፍ የወጡት ሂላሪና ቴንዚንግ በረዶ አቅልጠው የጠጡት በፕሪመስ ነው።

ዛሬ ታዲያ በአውሮፓ፣ እኛ ብንሆን ለቆራሌ የምንሰጠውን ይህን ምድጃ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀሙ የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ሀብት አይጠይቅም። የደረቀው የፓምፕ ቆዳ ዘይት ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ እምቢ ካለ ሌላ ቆዳ ተቆርጦ ይተካል። ቀዳዳው በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። ብየዳው እንዳያፈስ በደንብ ይፈተሻል፤ በግፊት የሚሠራ ዕቃ ቀልድ አያውቅምና። ከዚያ ይለኮሳል፤ ስንት ዓመት ዝም ያለው ምድጃ ያጓራል።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ናሱን እንደ ወርቅ ላብለጭልጨው ሲባል ነው። ከ1911 ጀምሮ ፋብሪካው ምድጃው ላይ የተሠራበትን ዓመት የምትናገር ፊደል ይመታ ነበር፤ «ኤ» 1911 ናት፣ «ቢ» 1912። በማሽን አብዝቶ የሚፈትግ ሰው ፊደሏንም አብሮ ይልጣታል። ምድጃው ያምራል፤ ዕድሜው ግን ጠፋ። የተጠነቀቀው ደግሞ ዝገቱን አንስቶ ጠባሳውን ይተዋል።

እኛስ? «ታደሰ» ተብሎ ቀለም የተለቀለቀ ስንት የድሮ ቤት፣ ስንት የድሮ ዕቃ አለን? ማደስ ትንፋሹን መመለስ ነው፤ ዕድሜውን መንጠቅ አይደለም።